ብረቱ ሳይጮህ ይሰበራል

በነፋስ መውጫ፣ በዓርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ የምትኖሩ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። የምናገረው ስለ ብረት ነው። «ይህማ የቀጥቃጭና የሹፌር ጉዳይ ነው፤ ሽማግሌን ምን አገባው?» የሚል ካለ መልሴ አጭር ነው። ወፍጮውን የተከልነው እኛ ነን። በሬ ሸጠን፣ ከዘመድ ተበድረን ለልጆቻችን አይሱዙ የገዛንላቸው እኛ ነን። ባሌስትራ ሲሰበር «አስበይደውና ሂድ፤ ገበያው እንዳያልፍህ» ብለን የምናዝዘውም እኛው ነን። መኪናው ገደል የገባ ዕለት ደግሞ በዕድሩ ድንኳን ተቀምጠን «የእግዜር ቁጣ ነው» እንላለን። እሱ ያላደረገውን በእሱ አናላክክ።

ማስጠንቀቂያዬ አንዲት ናት። አስቀድሜ ልናገራትና ምክንያቷን ላስከትል፦ የተሰበረ ባሌስትራ፣ የተሰነጠቀ ዘንግ ተበይዶ ሰው ከሚሸከም ነገር ሥር አይመለስ። ቦታው የቀጥቃጭ ቤት ነው። እዚያ ማረሻ ይሁን፣ ማጭድ ይሁን፣ ምሳር ይሁን። ከመኪና ወደ እርሻ ይውረድ፤ ከእርሻ ወደ መኪና ግን አይውጣ።

ብረትን የምንፈትነው በአንድ ቀን ሸክም ነው። «ባለፈው ሳምንት 50 ኩንታል ጭኖ የጨጨሆን ዳገት ወጥቷል፤ ዛሬ በ30 ኩንታል ምን ይሆናል?» እንላለን። በሬንም ሰውንም የምንመዝነው እንዲሁ ስለሆነ ያለፈ ፈተና ለመጪው ዋስ ይመስለናል። ብረት ግን እንዲህ አይደለም። ከአቅሙ በእጅጉ በታች የሆነ ሸክም ሺህ ጊዜ፣ መቶ ሺህ ጊዜ፣ ሚሊዮን ጊዜ ሲያጥፈውና ሲለቀው፣ ዓይን የማያያት ስንጥቅ ይፈጠርበታል። ስንጥቋ በእያንዳንዱ መታጠፍ ጥቂት ትረዝማለች። የቀረው ጤነኛ ብረት ሸክሙን መቻል ሲያቅተው በአንድ አፍታ ቀጭ ይላል። የዚያን ዕለቱ ሸክም ከወትሮው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ባዶውን ሲመለስ የተሰበረ መኪና ያላየ በመካከላችን ማን አለ? የእጅ ባለሙያዎቹ ይህን «ብረቱ ደክሟል» ይሉታል። ሰው ሲደክም ያቃስታል፤ ያርፍና ይበረታል። የደከመ ብረት አያቃስትም፣ ቢያርፍም አይበረታም። ያለፈው መታጠፍ ሁሉ በሆዱ ተመዝግቦ ይቆያል።

መታጠፉ ስንት ጊዜ እንደሆነ አብረን እንቁጠር። በኮረኮንች መንገድ ባሌስትራው በየአምስት ሜትሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይነቃነቃል ብንል፣ 100 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና 20,000 ጊዜ ታጥፎ ተቃንቷል። በ50 እንዲህ ያለ ቀን ሚሊዮን ይሞላል። ወፍጮው ደግሞ ይብሳል። ዘንጉ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ቢዞር በሰዓት 60,000፣ በስምንት ሰዓት 480,000 ነው። ቀበቶው በአንድ ጎን ስለሚስበው፣ እያንዳንዱ ዙር ለዘንጉ አንድ መታጠፍ ነው። በሦስት የሥራ ቀን ሚሊዮንን አልፎ ይሄዳል። እንግዲህ «አሥር ዓመት የሠራ ዘንግ ነው፤ ምንም አይሆንም» የምንለው ነገር ተገልብጦ መነበብ አለበት። አሥር ዓመት የሠራ ስለሆነ ነው መፈራት ያለበት።

ፈረንጆች ይህን የተማሩት በሬሳ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የፊተኛው ሎኮሞቲቭ አክስሉ ተሰበረና የኋለኞቹ ፉርጎዎች በላዩ ተከምረው ተቃጠሉ። ከ50 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ አውግስት ቮለር የሚባል የፕሩሲያ የባቡር መሐንዲስ ብረትን እያሽከረከረና እያጠፈ ለዓመታት ፈተነ። ያገኘው ሁለት ነገር ነው። ብረት አንዴ ሲጎተት ከሚችለው በጣም ባነሰ ጭነት፣ ጭነቱ ከተደጋገመ ይሰበራል። ደግሞም ብረት አንድ ወሰን አለው፤ ጭነቱ ከዚያ ወሰን በታች ከሆነ ስፍር ቁጥር የሌለው መታጠፍ ይችላል። ያ ወሰን ለደኅና ብረት ከሙሉ ጥንካሬው ግማሽ ገደማ ነው። ወሰኑን ከፍ ወይም ዝቅ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ደግሞ ቅይጡ ነው፤ ማለትም በብረቱ ውስጥ ምን፣ በምን ያህል መጠን እንደ ገባ ነው።

ቮለር በፕሩሲያ ይህን ሲፈትን፣ ከእኛ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሌላ የብረት ሥራ ይካሄድ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ቫልድማየርን፣ ሳልሙለርን፣ ሞሪትዝ ሆልን፣ ቡርጎን የመሳሰሉ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ያስቀልጡ ነበር። ሴባስቶፖል የሚባለው፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ትልቁ መድፍ የወጣው ከዚያ ነው። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ በእኛው በጋይንት አድርገው፣ ጨጨሆን ወጥተው፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነበር። ለዚያ መድፍ የተጠረገው መንገድ በአያቶቻችን መሬት ላይ ነው ያለፈው፤ ዘመኑም ለበጌምድር ሰው ክፉ ዘመን ነበር።

ይህን ታሪክ የማነሣው በኩራት ለማውራት አይደለም። የዚያ ዘመን መድፍ ከነሐስ ነበር፤ ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ደወልም ከነዚያው ከሁለቱ ነው። ልዩነቱ በመጠን ነው። የመድፍ ነሐስ ከ100 እጁ 10 ገደማ ቆርቆሮ ሲሆን፣ የደወል ነሐስ ከ20 እጅ በላይ ነው። ቆርቆሮው ሲበዛ ነሐሱ ይጠነክራል፣ ድምፁም ያምራል፤ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ሲያንስ ድምፁ ይደክማል፤ በምትኩ የባሩዱን ምት እየተለጠጠ ይችላል። ደወልን አቅልጦ መድፍ የሚያደርግ ሰው መዳብ ካልጨመረበት ገዳይ ነገር እየሠራ ነው፤ የሚገድለውም ተኳሹን ነው። በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ በሚባለው ቦታ በተደረገው ውጊያ ከፋላ አምባ ላይ ከተተኮሱት ትላልቅ መድፎች አንዱ ፈንድቷል። ሴባስቶፖል ግን እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል። ሙሉ መሆኑ ስለ አቅሙ የሚነግረን አለ? የለም። በውጊያው ላይ አልተኮሰም፤ ደጋግሞ አልተፈተነም። ያልተሰበረ ሁሉ የማይሰበር አይደለም። «እስከ አሁን ምን ሆነ?» የሚለው መከራከሪያችን ከዚህ አይሻልም።

አሁን ወደ ባሌስትራው እንምጣ። ባሌስትራ ተራ ብረት አይደለም። በ1,000 ኪሎ የባሌስትራ ብረት ውስጥ ስድስት ኪሎ ገደማ ካርቦን አለ። በቻይና መኪኖች ዘንድ በተለመደው ዓይነት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሲልከንና ከስድስት እስከ ዘጠኝ ኪሎ ማንጋኒዝ ይገባበታል፤ በጃፓን መኪኖች በተለመደው ደግሞ ሲልከኑ ቀንሶ ክሮሚየም ይጨመራል። ካርቦኑ ጥንካሬ ይሰጠዋል። ሲልከኑ ታጥፎ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ያደርገዋል። ማንጋኒዙና ክሮሚየሙ ሲነከር እስከ ሆዱ እንዲጠና ይረዱታል። ከዚያ ፋብሪካው አግሎ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል፤ መልሶ በልኩ ያሞቀዋል፤ በመጨረሻም ገጹን በጥቃቅን የብረት ጥይት እየደበደበ ያጠብቀዋል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከገጽ ስለሆነ። ለቤት የምንገዛው ፌሮ ግን ካርቦኑ በ1,000 ኪሎ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ገደማ ነው፤ ይህ ሁሉ ዝግጅትም አልተደረገለትም። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ። በባሕርይ ግን አይተዋወቁም።

የብየዳ ሠራተኛው የተሰበረውን ባሌስትራ ሲቀበል ምን ያደርጋል? በ1,000 ኪሎ አንድ ኪሎ ካርቦን እንኳ የማይሞላውን ተራ ኤሌክትሮድ ያነሣና ያቀልጥበታል። የቀለጠው መሙያ ለስላሳ ነው። ከጎኑ ያለው የባሌስትራው ብረት ደግሞ በቅጽበት ግሎ፣ ሙቀቱ በቀረው ቀዝቃዛ ብረት ተስቦ በቅጽበት ይቀዘቅዛል። ካርቦን የበዛበት ብረት እንዲህ ሲሆን ድርቅ ያለ ተሰባሪ መስመር ይሠራል። ከመስመሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ፋብሪካው በልክ ያሞቀው ጥንካሬ ይፈታል። ስለዚህ በአንድ ጣት ስፋት ውስጥ ለስላሳ፣ ተሰባሪና የተፈታ ብረት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ኤሌክትሮዱ እርጥበት ጠጥቶ ከሆነ ከእርጥበቱ የወጣው ሃይድሮጅን በብረቱ ገብቶ፣ ከሰዓታት በኋላ፣ መኪናው ከጋራዥ ከወጣ በኋላ ይሰነጥቀዋል። በክረምት በነፋስ መውጫ ጭጋግ የቆየ የኤሌክትሮድ ካርቶን ምን እንደሚመስል እናንተ ታውቃላችሁ።

«በውድ ብረት፣ በጎበዝ በያጅ ቢሠራስ?» ይባላል። በቆርቆሮ በር ላይ ጉብዝና ልዩነት ያመጣል። በሚታጠፍ ነገር ላይ ግን የተፈተነው ሌላ ይናገራል፦ ተበይዶ እንዳለ በተተወ መጋጠሚያ ላይ ውዱም ብረት ርካሹም ብረት በድካም በኩል እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ስንጥቁ ከብየዳው ጠርዝ ይነሣል፤ ለብረቱ ዋጋ ግድ የለውም።

ከቅይጡ ጋር የማይፈለገውም ይገባል። ሰልፈር የበዛበት ብረት ሲግል ይፈረካከሳል፤ ፎስፈረስ የበዛበት በብርድ ይሰበራል። ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ተሰብስቦ በችኮላ የቀለጠ ብረት ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት የሚያህል ባዕድ ነገር ካለ፣ ስንጥቁ ከዚያች ቅንጣት ይጀምራል። ብረቱ በሚጎተትበት ፈተና ይህ ላይታይ ይችላል፤ በሚሊዮን መታጠፍ ግን ያቺ ቅንጣት ዳኛ ትሆናለች። ከምንነቱ የማይታወቅ ቁርጥራጭ የተሠራ የወፍጮ ዘንግ የምፈራው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ «እንግዲያው ከሁሉ የጠነከረውን ብረት እንግዛ» ለሚል ሰው የዓለምን ጠቢባን ያስደነገጠ ነገር ላጫውተው። ብረት ሁሉ ሲረጋ ቅንጣቶቹ በሥርዓት እየተደረደሩ ጥቃቅን ፍሬ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 በካሊፎርኒያ የካልቴክ ተቋም ፖል ዱዌዝ ከባልደረቦቹ ጋር የወርቅና የሲልከን ቅልጥ፣ በሰከንድ በሚሊዮን ዲግሪ በሚቆጠር ፍጥነት አቀዘቀዘ፤ ቅንጣቶቹ ለመሰለፍ ጊዜ ሳያገኙ እንደተበታተኑ ደረቁ። ይህ ብርጭቆ ብረት ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ፔከርና ጆንሰን በዚያው ተቋም ዚርኮኒየም፣ ታይታኒየም፣ መዳብ፣ ኒኬልና ቤሪሊየም ቀይጠው፣ ቀስ ተብሎ ቢቀዘቅዝም በብርጭቆነቱ የሚረጋ ወፍራም ብረት አገኙ። ይህ ቅይጥ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ወደ 190 ኪሎ የሚጠጋ ጉተታ ይችላል፤ ከብዙ ብረት ይበልጣል። ታጥፎም እንደ ነበረ ይመለሳል። ለባሌስትራ የተፈጠረ ይመስላል።

ከዚያ እንደ ቮለር ደጋግመው አጠፉት። እ.ኤ.አ. በ1998 በበርክሌይ የታተመው ውጤት አንገት ያስደፋል፤ የድካም ወሰኑ ከጥንካሬው ከ100 እጅ አራት ገደማ ሆኖ ተገኘ። ደኅና ብረት ግማሹን ሲይዝ፣ ይህ ኃያል ከ190 ኪሎው ስምንቷን ብቻ ያዘ። ሌሎች ተመራማሪዎች በሌላ ዓይነት ፈተና፣ በጠራ ናሙና ከዚያ በጣም የተሻለ ቁጥር አግኝተውበታል፤ ይህም ራሱ የውስጥ ጥራትና የገጽ ልስላሴ ምን ያህል እንደሚወስን ያሳያል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። የጋይንትን ተዳፋት አስቡ፤ እርከን ያለው ማሳ ጎርፉን በየደረጃው ያስቆመዋል፣ እርከን የሌለው ግን ከላይ የጀመረች አንዲት ቦይ እስከ ታች ገደል ታደርገዋለች። በተራ ብረት ውስጥ ፍሬዎቹ የሚገናኙበት ወሰን ለስንጥቅ እርከን ነው፤ ስንጥቋ ትደናቀፋለች፣ አቅጣጫ ትቀይራለች፣ ትቆማለች። ብርጭቆ ብረት እርከን የለውም።

መፍትሔ ፍለጋው የተደረገው በቅይጥ ነው። ከዚርኮኒየም፣ ከመዳብና ከአሉሚኒየም በተሠራ ሌላ ብርጭቆ ብረት ላይ ከ100 እጅ ሦስት ያህል ፓላዲየም ሲጨመር የድካም አቅሙ ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ታይታኒየሙን አብዝተው ኒዮቢየም በመጨመር፣ በብርጭቆው መካከል ለስላሳ የብረት ፍሬ እንዲበቅል አደረጉ። የድካም ወሰኑ ከአራት እጅ ወደ 30 እጅ አካባቢ ወጣ። ልብ በሉ፤ ይህኛው ከመጀመሪያው ይልቅ በጉተታ ደካማ ነው። ለስላሳ ነገር ስለገባበት ጥንካሬው ቀነሰ፤ ዕድሜው ግን ረዘመ። ጥንካሬና ጽናት አንድ አይደሉም። አንዱን ያየ ሌላውን አየሁ አይበል።

እኩዮቼ፣ ይህ ነገር ለአባቶቻችን ቀጥቃጮች እንግዳ አልነበረም። በካርቦንና በሲልከን ስም አይጠሩትም እንጂ፣ የትኛው ብረት ማረሻ፣ የትኛው ማጭድ እንደሚሆን በወናፉ እሳት ቀለም፣ በመስፉ ላይ በሚሰጠው ድምፅ፣ ሲሳል በሚያወጣው ብልጭታ ያውቁ ነበር። ካርቦን የበዛበት ብረት ብልጭታው ይፈነዳል፣ ይበታተናል፤ ተራው ብረት ረጅም ጭረት ብቻ ይለቃል። ይህን ዕውቀት ግን ምን አደረግነው? ባለ ዕውቀቱን «ጠይብ» ብለን ሰደብነው፤ «ቡዳ» ብለን ልጃችንን ከጥላው አሸሸን፤ ሴት ልጃችንን ነፈግነው፤ ማረሻውን ግን ወሰድን። በጎንደር የብረት ሥራ ከያዙት መካከል ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በጅምላ ወደ እስራኤል ሄዱ። ከነሱ ጋር ብዙ ዕውቀት አብሮ ሄደ። የቀሩት ቀጥቃጮችም ልጆቻቸው ስድቡን አልወርስም ብለው ሙያውን እየተዉት ነው። በቦታቸው የገባው ብየዳ ነው፤ ብየዳ በጥቂት ወር ይለመዳል፣ አያሰድብም፣ ሁሉን ያጣብቃል። ብረትን ማጣበቅ ብረትን ከማወቅ ጋር አንድ መስሎን ተቀመጥን። ይህን ያደረገ የእኛ ትውልድ ነው፤ በወጣቶቹ አናሳብብ።

ስለዚህ ያለን ጊዜ ሳያልፍ የሚከተለውን ጠብቁ፣ አስጠብቁም።

የተሰበረ ብረት ሲመጣላችሁ ሳትጥሉት ስብራቱን እዩት። በአንድ በኩል ለስላሳ፣ የጠቆረ ወይም የዛገ፣ ቀለበት ቀለበት የሚመስል መስመር ያለበት ቦታ ታያላችሁ፤ ያ ለወራት ሲሰነጠቅ የቆየው ነው። በሌላ በኩል ሻካራና አዲስ የሚያብረቀርቅ ቦታ አለ፤ ያ የመጨረሻዋ ቅጽበት ናት። አሮጌው ቦታ ሰፊ ከሆነ ሾፌሩን አትውቀሱት፤ ብረቱ ከሄደ ቆይቷል። በዚያው መኪና ላይ ያለው ወንድሙ ባሌስትራም ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ መታጠፍ ቆጥሯልና አብሮ ይመርመር።

ያልተሰበረውን ለመመርመር ባለሙያ ከሩቅ አትጠብቁ። ብረቱን አጽዱት፤ ነጭ ጋዝ ቀቡትና ጥቂት አቆዩት፤ ጠርጋችሁ አድርቁትና በጠመኔ ዱቄት አልብሱት። ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ጋዝ ይመልሰዋል፤ በነጩ ላይ ጠይም መስመር ይወጣል። የመኪና ባሌስትራ፣ የመሪ ዘንግ፣ የወፍጮ ዘንግ፣ የጋሪ አክስል ሁሉ በዚህ ይታያል። ወፍጮ ያለው ሰው ዘንጉን ቢያንስ ከአጨዳ በፊትና በኋላ ይየው፤ በተለይ ቀበቶው የሚጎትትበትን ጎንና ዘንጉ ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚለወጥበትን ጥግ ይየው። ስንጥቅ ጥግ ይወዳል። በቶርኖ የሚጠርበው ባለሙያ ጥጉን ስል አድርጎ ሳይተው ክብ እንዲያደርገው ጠይቁት፤ ለእሱ የደቂቃ ሥራ ነው፣ ለዘንጉ የዓመታት ዕድሜ።

በቅጥቅጥ አውቶቡስ ላይ «አንድ ባሌስትራ ይጨመርና ሌላ አሥር ሰው ይጫን» የሚለውን ንግግር በገበያም በዕድርም አትፍቀዱ። የተጨመረው ባሌስትራ ሸክሙን በአክስሉና በሻሲው ላይ ያሳርፈዋል፤ ለእነሱ በፋብሪካ የተሰጣቸው ቅይጥና ስፋት አልተለወጠም።

ሌላው ነገር ድልድይ ነው። ከእስቴ ማዶ ወደ ሞጣ በሚወስደው የአባይ መሻገሪያ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ሰባራ ድልድይ፣ በጠላት ወረራ ዘመን ከተቆረጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 በብረት ተጠገነ፤ በኋላም ጎርፍ ወስዶት በ2009 የገመድ ድልድይ ተዘረጋለት። እንዲህ ያለው ድልድይ የሚቆመው በቀጫጭን ሽቦዎች ጥርቅም ነው። ሽቦዎቹ ከባሌስትራ እንኳ የበለጠ ካርቦን ያላቸው፣ ተስበው የተጠኑ ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ባለ ገመድ ላይ ማንም ኤሌክትሮድ አያስነካ፣ ቀለበት አይበይድ፣ በእሳት አያሙቅ። ከብት ሲነዳ በአንድ ጊዜ ሙሉ መንጋ አይለቀቅበት። የተበጠሰች አንዲት ሽቦ ያየ ልጅ «ምን አለበት» ሳይባል ለቀበሌው ይናገር። ሌሎቹ ሽቦዎችም እኩል ተወዛውዘዋልና።

የመጨረሻው ቃሌ ለዕድር ዳኞች ነው። የወፍጮና የመኪና ባለቤቶች የዕድሩ አባላት ናቸው፤ ስለ ሞት ቀን እንደምንደነግግ ስለ ብረትም እንደንግግ። የተሰበረ ባሌስትራ የበየደ፣ ወይም ያስበየደና ሰው የጫነ፣ በዕድሩ ይወቀስ፣ ይቀጣም። አዲስ ባሌስትራ መግዛት ያቃተው ካለ ከዕድሩ ሣጥን ይበደር። ለቀብር የምናወጣው ገንዘብ ለባሌስትራ አያንስም። በየወረዳው የቀሩትን ቀጥቃጮች ደግሞ ስማቸውን በክብር እንጥራ፤ የተሰበረውን ባሌስትራ ሁሉ በተገቢ ዋጋ ለእነሱ እንሽጥ፤ ብረት መለየትን ለብየዳ ልጆች እንዲያስተምሩ ከፍለን እናስቀምጣቸው። ምከረው፣ ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኛ ግን መከራው የሚመክረን በልጆቻችን ሬሳ ነውና እስከዚያ አንጠብቅ። የሚመጣው ቅዳሜ ገበያ ሳይደርስ፣ ልጃችሁ «አባባ፣ ይበየዳል ብለውኛል» ብሎ ሲመጣ «አይበየድም፤ አውርደው» በሉት።